የተተወላቸው ማስያዣ

የመጨረሻው ፍራሽ ጭነት መኪናው ላይ ሲወጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ እጁን አራግፎ የቤቱን ቁልፍ ለአከራያቸው ለጡረተኛዋ አዋላጅ ዘረጋላት።

«ቤቱን አይተውታል፣ እትዬ። ግድግዳውንም ቀለም ቀብተንልዎታል። እንግዲህ ማስያዣችንን ይስጡንና እንሂድ።»

«የምን ማስያዣ?»

«ስንገባ ያስያዝነው ነዋ፤ የሦስት ወር ኪራይ።»

አዋላጇ ሳቀች። «ተሳስተሃል ልጄ። ለእናንተ እኮ ትቼላችኋለሁ! የእህቴ ልጅ ‹ሚስቱ እርጉዝ ናት፣ እጃቸው ላይ ምንም የለም› ሲለኝ፣ ‹ተዋቸው፣ አትጠይቃቸው› አልኩት። እንደዚያ በማሰቡ ስመርቀው ነው የከረምኩት።»

ፀጉር አስተካካዩ ዞሮ ሚስቱን አያት። ልጇን ታቅፋ በመኪናው ጥላ ቆማለች። እዚህ ግቢ ስትኖር አንድም ቀን አዋላጇን ቀና ብላ ሰላም ብላት አታውቅም። አዋላጇም ኩራት ነው ብላ ትታት ነበር።

«ትተውልን?» አለች ሚስትየዋ። «የጆሮ ወርቄ ታዲያ ለምን ተሸጠ? ምጥ ሲይዘኝ ይሄ ሰውዬ ‹እትዬን ልጥራልሽ› ብሎ ለመነኝ። ከእርጉዝ ሴት የሦስት ወር ኪራይ አራግፋ የምትወስድ ሴትዮ እጇ አይንካኝ አልኩት። አዋላጅ ደጄ ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔ ታክሲ ውስጥ ወለድኩ።»

አዋላጇ የእህቷን ልጅ ጠራችው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ጉልበቷ ሲደክም ውክልና ሰጥታው ቤቶቹን የሚያከራየውም ኪራይ የሚሰበስበውም እሱ ነው። ለሾፌሩ የግቢውን መውጫ እያሳየ ነበር፤ እየተጣደፈ መጣ።

«ከነዚህ ሰዎች ማስያዣ ተቀብለሃል?»

«ኧረ ምን በወጣኝ!» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «ደረሰኝ ካላቸው ያሳዩዋ።»

«ደረሰኝ ስንጠይቅህ ምን አልከን?» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «‹አክስቴ የወረቀት ሰው አይደለችም፣ የእኔ ቃል የሷ ቃል ነው› አላልክም?»

አዋላጇ ይህን አባባል ታውቀዋለች። ውክልናውን የፈረመች ቀን ‹የወረቀት ሰው አይደለሁም፣ ያንተ ቃል የእኔ ቃል ነው› ያለችው ራሷ ናት፤ ያኔ ከእሷና ከእሱ በቀር የሰማ አልነበረም። ቀና ብላ አየችው። እሱ መሬት መሬት እያየ ክንዷን ይዞ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረጋት።

«ልመልሰው ነበር፣ አክስቴ» አለ በሹክሹክታ። «አሁን ግን ምን ያስጨንቅሻል? አንቺ ሳንቲም አልነካሽም። እነሱም ምስክር የላቸውም። ማን ይጠይቅሻል?»

«ማን ይጠይቀኛል?» ክንዷን አስለቀቀች። «የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንተ ከተቀበልክ እኔ ተቀብያለሁ። ባንክ ያለኝ ገንዘብ ይበቃል።»

«እሱማ ለሠርጌ ያስቀመጥሽው ነው!»

«ነበር» አለችና ወደ ፀጉር አስተካካዩ ተመለሰች። «ባንኩ መንገዳችሁ ላይ ነው። ቦታ ካላችሁ አብሬ ልሂድ።»

ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተጨናንቀው ተቀመጡ። መንገድ ላይ አዋላጇ «አላውቅም ነበር» ልትል ሁለቴ አፏን ከፈተች፤ ሁለቴም ዘጋችው። አለማወቋ ለዚያች ሴት ምን ይሠራላታል?

ባንኩ ጋ ሲደርሱ፣ ሾፌሩ ክንዷን ደግፎ አወረዳት። በሩን ሳይዘጋው የሚስትየዋ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ ለባሏ ነበር የምትናገረው፣ ግን አልደበቀችውም።

«አብረህ ግባ። እትዬ በሌላ በር እንዳይወጡብን።»

አዋላጇ አልዞረችም። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ፀጉር አስተካካዩ ወርዶ እስኪደርስባት ደረጃው ሥር ቆማ ጠበቀችው።