ድምፁ የእሱ ይመስላል

ዱሮ የሰፈራችን መምህር ለአንዲት ወላጅ ሲያስረዳ ሰምቼ ነበር፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። “እትዬ፣ መረጃማ ሞልቷል። እኔ የማስተምራቸው ከስልክ የመጣውን እንዲጠራጠሩ ነው” ይል ነበር።

ትናንት ፈተና ሊያርም ሐዋሳ ሄዶ ሳለ፣ ሞተ የሚል ወሬ በቴሌግራም መጣ። ለቅሶ ቤት “ማን ነገራችሁ?” አይባልምና እድሩ ድንኳን ተከለ፤ እናቱ ደረታቸውን ደቁ።

መምህሩ ራሱ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠችው ተማሪው ደወለ።

“ደህና ነኝ፤ ስልኩን ለእናቴ ስጪልኝ።”

“ድምፅማ ዛሬ በኮምፒውተር ተመሳስሎ ይሠራል” አለችው።

“በቪዲዮ ልደውላ።”

“እሱም ይሠራል። መምህራችን ያስተማሩን ይህንኑ ነው። እርስዎ እሳቸው ከሆኑ በአካል ይምጡ።”

የእናቱ ዋይታ በስልኩ ይሰማዋል። ለመነ፣ ተቆጣ፤ አልሆነም። በመጨረሻ፣ እግዜር ይርዳውና፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ለራሱ ለቅሶ ሊደርስ ተስማማ።