ጸሎት በቦዩ አፍ

ጌጤ ነጠላዋን አመሳቅላ፣ የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ፣ የጸሎት መጽሐፏን ዘርግታ ውሃ ወደ ማሳዋ በሚገባበት የቦዩ አፍ ላይ ቆማለች። ፊቷን ወደ ምሥራቅ መልሳለች። በዚህ የተነሣ ጀርባዋ ለጋሼ ግዛቸው ሆኗል፤ ምሥራቅን እዚያ ያስቀመጠችው ግን እሷ አይደለችም።

«አንቺ ጌጤ፣ አትሰሚም? ውረጂ ከዚያ!» አሉ ጋሼ ግዛቸው። የሰፈሩ የውሃ አባት ናቸው፤ ከሮቢ ወንዝ ተጠልፎ የሚመጣው ውሃ ለማን እንደሚለቀቅ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «ተራሽ ለአብዱረሂም ያልፋል ብያለሁ። ወንድ የሌለበት ቤት ውሃ እንዴት አድርጎ ያዞራል? ልታባክኚው ነው? መሬቱን ለእኩል አራሽ ስጪና ተገላገዪ!»

ጌጤ ማንበቧን ቀጠለች። መጽሐፉ ለየቀኑ የተከፈለ ነው፤ የዕለቱን፣ የረቡዕን ጸሎት ጀምራለች፤ የጀመረ ሰው ደግሞ ሳይጨርስ አያወራም። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን በቀወት የለም። ጋሼ ግዛቸውማ በየሰንበቴው ከፊት የሚቀመጡ ሰው ናቸው።

ባሏ አስፋው ከሞተ ገና ዓመቱ አልወጣም። ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «ቻይው፣ እግዜር ያውቃል» ሲላት እሷም ራሷን ስትነቀንቅ ከርማለች። ሽንኩርቱን ግን ራሷ ተከለች፣ ራሷ ኮተኮተች። አሁን የሽንኩርቱ ራስ መወፈር ጀምሯል። የዛሬው ውሃ ካመለጣት ፀሐዩ ይጠብሰዋል፤ ሽንኩርቱ ከጠፋ መሬቱም ለእኩል ከመሄድ አይድንም።

መጽሐፉን ያወጣችው ለብልጠት አይደለም፣ ፈርታ ነው። ከለቅሶው ወዲህ ስታነብ ገጹ ላይ የሚሄደው ዓይኗ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ግን ቃሉን ጆሮዋ ሰማው። መጽሐፉ ውስጥ የሚጸልየው ሰው አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስ ብቻ ይመስላት ነበር። ለካ ይሟገታል! በዳዮቹን ይከሳል፣ አምላኩን የት ነበርክ ብሎ ይጠይቃል፣ ፍርዴን ሳላገኝ ከደጅህ አልሄድም ይላል። ጌጤ በራሷ ተናደደች። ይህን ሁሉ ጊዜ ስትደግመው እንዴት አልሰማችውም? ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ኧረ ቀስ በይ፣ እዚህ ደንቆሮ የለም!» አሉ ጋሼ ግዛቸው። ከዚያም ዞሩ። «አብዱረሂም፣ ምን ትገተራለህ? ግባና ያዝ እንጂ።»

አብዱረሂም ዶማውን ተደግፎ ቆሟል። ማሳው ከጌጤ ማሳ ቀጥሎ ነው፤ የሱም ሽንኩርት የቅጠሉ ጫፍ ቢጫ ሆኗል። ተራዋ ወደሱ እንደሚያልፍ ሲነገረው እሺም እንቢም አላለም ነበር።

«ዱዓ ላይ ናት እኮ ጋሼ» አለ። «ዱዓ ላይ ያለ ሰው ገፍቼ አልገባም፣ ወላሂ። ትጨርስ።»

«ይሁን፣ ትጨርስ» አሉ የውሃ አባቱ፣ ቦዩን ሽቅብ እያዩ። «የረቡዕ ብዙም አይደለም። ውሃው ሳይደርስ ያልቃል፤ ያኔ ትገባለህ።»

የቸኮሉበት ምክንያት ነበራቸው። የቦዩ ሕግ የቆየ ነው፤ ራሳቸው ስንቱን አባረውበታል። ውሃው ሲደርስ ባለተራው አፉ ላይ ቆሞ ከተገኘ ማንም አይነካበትም፤ ካልተገኘ ያልፈዋል።

ጌጤ የረቡዕን ጨረሰች። አማተበች። ጋሼ ግዛቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊናገሩ ሲሉ ገጹን ገለበጠችና የሐሙስን ጀመረች።

ጋሼ ግዛቸው የሐሙስ መሆኑን ከመጀመሪያው ቃል ለይተውታል። ግን ምን ይበሉ? ባሏ የሞተባትን ሴት፣ ያውም በሙስሊም ጎረቤት ፊት፣ ጸሎት አበዛሽ ብለው ይክሰሷት?

«ገና ነው?» አለ አብዱረሂም።

«ገና ነው» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው።

«አይ፣ የናንተስ ረጅም ነው ለካ» አለና ፈገግታውን በፎጣው ጫፍ ሸፈነ።

ውሃው መጣ። መጀመሪያ አረፋና ደረቅ ቅጠል እየገፋ፣ ቀጥሎ ወፍሮና ደፍርሶ መጣ። እግሯን ሲነካት ሞቅ ያለ ነበር።

«አብዱረሂም!» አሉ ጋሼ ግዛቸው።

«ባለተራዋ ቆማለች ጋሼ፤ ሕጉ የርስዎ ነው። እኔ ከሷ ቀጥሎ ነኝ፣ እጠብቃለሁ።» ዶማውን ጥሎ ከቦዩ ዳር ያለ ማንጎ ሥር ተቀመጠ።

ጌጤ ከመጽሐፉ ቀና ሳትል ማሳዋን የዘጋውን ጭቃ በተረከዟ ናደችው። ውሃው ወደ ሽንኩርቱ ታጠፈ።

አሁን ብታቆም የሚጠይቃት አልነበረም። ጋሼ ግዛቸው እያጉረመረሙ ወደ አስፋልቱ ወጥተው ባጃጅ እያስቆሙ ነው፤ ሐሙስም ነገ ነው። ግን ጀምራዋለች። ለግዛቸው የጀመረችውን ለእግዜር ልትጨርሰው ቆረጠች።

ውሃውን እየተከተለች፣ ትልሙን በእግሯ እየቀደደችና እየደፈነች፣ እየጮኸች አነበበች። አጎንብሳ አንድ የተናደ ትልም በእጇ መለሰች፤ ስትነሣ ገጹን የገለጠችው በዚያው እጅ ነበር። የሐሙስ ገጽ ላይ የጭቃ ጣት ታተመ።

አልጠረገችውም። የት ቆማ እንደምታነብ እግዜርም ይየው።