አንድ ድስት

ወይዘሮ ፈጠነች ድስቱን በጨርቅ ይዛ ከኩሽና ወጣችና የሳሎኑ ጠረጴዛ መሃል ላይ አኖረችው። ከቸርች የተመለሱት ልጇ ሀብታሙ፣ ሚስቱ ምሕረትና የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጇ ቤዛዊት ገና በር ላይ ጫማቸውን እያወለቁ ነበር።

ምሕረት መጥታ ክዳኑን አነሳች። ከነልጣጩ የተቀቀለ ጎዳሬ ነው። አጠገቡ ባለው ጎድጓዳ ሳህን ደግሞ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተሠራ ቦሎቄ እንፋሎቱ ይወጣል።

«እማማ፣ መኮሮኒውስ?» ምሕረት ጠዋት ስትወጣ አማቷን ውሃ ጥዳ እንድትጠብቃት ነበር የነገረቻት።

«መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከነላስቲኩ። አልነካሁትም።»

«እና እኛ ምን እንብላ?»

«ይሄን። ዛሬ ሁላችንም አንድ ነው የምንበላው።»

ፈጠነች ስኳር በሽታ ተገኝቶባት፣ ልጇ ከምትኖርበት ከዱቦ አምጥቶ እሱ ቤት ካስቀመጣት አራት ወር ሆኗል። ኦቶና ሆስፒታል ያለችው ነርስ «ነጭ ዱቄት፣ ጣፋጭና ለስላሳ ይቅርብዎት፤ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል ያብዙ፤ ሁሉንም በልክ» ብላታለች። ምሕረትም የነርሷን ቃል አላጓደለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአማቷን ምግብ ለብቻ ትሠራለች፣ ከሁሉም አስቀድማ በትንሽ ጠረጴዛ ታቀርብላታለች። ማክበሯ ነው። ፈጠነች ግን ስድስት ልጅ በአንድ ገበታ ያሳደገች ሴት ናት። ያቺ ለብቻ የምትቀመጥ ሳህን በመጣች ቁጥር ግማሿን ሳትበላ ትመልሳታለች።

«ለጤናዎ ብዬ እኮ ነው ለብቻ የምሠራው» አለች ምሕረት፣ ድምጿ ቀጥኖ። «ከቢሮ ደክሞኝ እየገባሁ፣ ሁለት ድስት እያጠብኩ…»

«አውቃለሁ ልጄ። አንዱን ተይው።»

«የቱን?»

«የእናንተን።»

ቤዛዊት ሳቀች። አባቷ ዞር ብሎ ሲያያት አፏን በእጇ ያዘች።

ሀብታሙ ወንበር አልሳበም። የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ከሆነ ወዲህ በር ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል። «እማዬ፣ ይሄ የበሽተኛ ምግብ ነው። እሁድን ጠብቀን ጎዳሬ? ሰው ድንገት ቢገባ ምን ይለናል?»

«የበሽተኛ? አንተን ምን አብልቼ ነው ያሳደግኩህ? መኮሮኒ?»

«ያኔ ስላልነበረን ነው።»

«አሁን ሲኖርህስ ምን አተረፍክ? የቢሮህን ደረጃ ስትወጣ የምታለከልከው አንተ አይደለህም?»

ፊቱ ተለወጠ። የመኪናውን ቁልፍ አነሳና «ተነሡ፣ ውጭ እንበላለን» አለ።

ፈጠነች ይህን ስትሰማ ደነገጠች። በሰው ጓዳ ገብታ ያልታዘዘችውን መሥራቷን ታውቃለች። ግን አንዴ ጀምራዋለች። «ሂዱ» አለች። «እኔ ግን ከዛሬ በኋላ ብቻዬን አልበላም። ነገ ወደ ዱቦ እመለሳለሁ።» ይህን ብላ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በወላይትኛም «ጎዳው» ብላ ጌታዋን ጠራች።

በዚያ ቤት ጸሎት ተረግጦ አይወጣም። ሀብታሙ እጁ የበሩ እጀታ ላይ እንዳለ ቀረ። ፈጠነችም ይህን አውቃ አስረዘመችው። ስለ በልጉ ዝናብ ጸለየች። ስለ ቤዛዊት ፈተና፣ ስለ ምሕረት ድካም፣ ስለ ጎረቤቷ ላም ሳይቀር ጸለየች። አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየች። ልጇ አልሄደም። ያኔ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ጌታ ሆይ፣ የዚህን ልጅ አባት የወሰደብኝ ይኸው በሽታ ነው። መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን። እሱንም ምግቡን ለይቼ ጥግ አስቀምጬ ነበር የማበላው። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እየተደበቀ ከእኛ ሳህን ሲበላ እቆጣው ነበር። ለካ ምግቡ አምሮት አልነበረም፣ እኛን ናፍቆ ነው። አሁን በእኔ ሲደርስ ገባኝ። አባቱን ወሰድክ፤ ይሄን ልጅ ግን አልሰጥህም። ቢቆጣኝም አልሰጥህም። አሜን።»

«አሜን!» አለች ቤዛዊት ጮክ ብላ።

ምሕረት እጇን ታጥባ መጣችና ከአማቷ ጎን ተቀመጠች። አንድ ጎዳሬ አንሥታ ልትልጥ ስትሞክር አቃጠላት። ከልጣጩ ጋር ግማሹን ቆርሳ ጣለችው።

«ለእኛም አስተርፊልን እንጂ» አለቻት ፈጠነች። ምሕረት ሳቅ አመለጣት፣ ዓይኗን ግን በክንዷ ጠረገች።

ሀብታሙ አሁንም ቆሟል። ፈጠነች አልለመነችውም። ነርሷ እንዳለቻት በልኳ ሁለት ትንንሽ ጎዳሬ አወጣች፣ ቦሎቄውን ከላዩ ጨመረች፣ መብላት ጀመረች።

ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ሰማች። ወንበር ተሳበ። ቀና አላለችም፤ የልጇን እጅ ብቻ አየች። ብዕር የለመደው እጅ ትኩሱን ጎዳሬ አነሣ፣ ከመዳፍ ወደ መዳፍ አገላበጠው፣ እፍ አለበት። ከዚያ በአውራ ጣቱ አንዴ ጫን ቢለው ልጣጩ እንደ ካልሲ ወለቀ።

«እንዴት አደረግከው?» ቤዛዊት ተንጠራራች። «አባ፣ አሳየኝ!»

ሀብታሙ አኘከ፣ ዋጠ። «ጨው ያንሰዋል» አለ፣ እናቱን ሳያያት።

«ያንሰዋል» አለች ፈጠነች፣ ድስቱን ወደ እሱ ገፋ እያደረገች።