የሚገፋው ያጣ መኪና

ካይሮ ውስጥ ባለ የመኪና ጋዝ ማደያ፣ ኸሚስ የጋዙን ቱቦ ተራ በደረሰው መኪና ላይ ሊሰካ ጎንበስ ሲል የመኪናው የጋዝ ሲሊንደር የምርመራ ጊዜ ማለፉን አየ። ቀና ሲል ሹፌሩን አወቀው። ኸሚስ አሮጌ ታክሲውን በጋዝ በሚሠራ አዲስ መኪና እንዲቀይር መንግሥት የፈቀደውን ድጋፍ፣ «ማመልከቻህ ዘግይቷል» ብሎ የከለከለው መሐንዲስ ነበር። ታክሲው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠ፤ ኸሚስም ለሰው መኪና ጋዝ የሚሞላ ተቀጣሪ ሆኖ ቀረ።

«አልሞላም፣ ጌታዬ። ምርመራው አልፎበታል።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ ነው ያለፈው! ጋዙም ቤንዚኑም አልቋል፣ የት ልሂድ?»

«እኔም ያኔ እንዲሁ ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ደንብ ነው አሉኝ።»

ከኋላ የተሰለፉት ታክሲዎች ጥሩምባቸውን ይነፉ ጀመር። መሐንዲሱ ወረደና ከሰልፉ ሊያወጣው መኪናውን በትከሻው ይገፋ ጀመር። በካይሮ የቆመ መኪና እንዲገፋ ሰው አይለመንም፤ የማያውቅህም ሮጦ ይገፋልሃል። በኸሚስ ላይ የደረሰውን በደል የሚያውቁት ሹፌሮች ግን ከመቀመጫቸው አልተነቃነቁም።

«በርታ፣ መሐንዲስ! መንግሥት ይደግፍሃል!» አለ አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

የመሐንዲሱ ነጭ ሸሚዝ በላብ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። እግሩ አዳልጦት በጉልበቱ ሲወድቅ፣ የኸሚስ እጆች ሳያዛቸው ወደ መኪናው ተዘረጉ። መልሶ ኪሱ ከተታቸውና እዚያው ጨብጦ ያዛቸው።