ቁልፉ የሚጠፋበት በር

ዘበኛው እያነከሰ ወደ በሩ ተመለሰና ለሦስተኛ ጊዜ ኪሶቹን ዳበሰ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ ቁልፉ ጠፋብኝ፤ እርጅና ነው» አለ። ውጪ የቆመው አባት የብረቱን በር ነቀነቀው። «ልጄን አውጣልኝ አልኩ እኮ! ከዛሬ ጀምሮ ሱቅ ትቆማለች፤ ለሴት ልጅ እስከዚህ የተማረችው ይበቃታል!» ልጅቷ አዳራሹ ውስጥ የመጨረሻውን የመልቀቂያ ፈተና እየሠራች ነበር፤ ለማለቅ አንድ ሰዓት ይቀረዋል።

እንዲህ ያለ አባት ሲመጣ ቁልፉ እንዲጠፋ ያዘዙት፣ ይህን የሴቶች ትምህርት ቤት የመሠረቱት የሚሲዮን ሲስተር ነበሩ። «አንተ ብቻ ዋሽ፤ ኃጢአቱን እኔ እናዘዝልሃለሁ» ብለውታል። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቁልፉ ግን ዛሬም ይጠፋል። ዳይሬክተሯ ደግሞ ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው፤ ይህን ማን ይነግራታል? ጩኸቱን ሰምታ ትርፍ ቁልፍ ይዛ መጣች።

ቁልፉን ከተተች። ወደ ቀኝ አዞረችው፣ ወደ ግራ አዞረችው፣ ነቅላ በቀሚሷ ጠረገችና ደግማ ሞከረች። «ለካ የመጋዘኑን ነው ያመጣሁት!» አለች ለአባትየው። «ወንበር ላስመጣልዎ፤ ፈተናው እስኪያልቅ እንፈልገዋለን።» ከዚያ ወደ ዘበኛው ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባባ፣ አሁንም ግራ ጫማዎ ውስጥ ነው የሚደብቁት?»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም። አባቴ እዚህ በር ላይ የቆመ ቀን፣ እኔ አዳራሹ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ እፈተን ነበር። ሲያነክሱልኝ አይቻለሁ።»