ከታረመ በኋላ

ሉልሰገድ ምላሱ ክፉ ነው። ፒያሳ ውስጥ ራፕ እሞክራለሁ የሚል ወጣት ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አውቆም ወደ እሱ ይሄዳል። የሰው ልጅ መቼም ስድቡን ራሱ እየሄደ ይፈልጋል። ሉልሰገድ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ስቱዲዮው የስንቱን ዘፈን አርሞ ለወግ አብቅቷል። የስንቱን ደግሞ ቆራርጦ ቲክቶክ ላይ እየለጠፈ አራዳን በሳቅ ገድሏል።

ሚናስም የራፕ ክሊፑን ከላከለት ወር አልፎታል። መልስ የለም። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ሉልሰገድ ራሱ ደወለ።

«የት ነህ?»

«እማዬን ልጠይቅ ሆስፒታል ልሄድ ነው።»

«እሱ ይደርሳል። ክሊፕህን አየሁት፤ አሁኑኑ ና።»

ሚናስ ከደስታው ብዛት የያዘውን ታክሲ ትቶ በእግሩ ሮጠ። እናቱ ወይዘሮ አልጋነሽ የሐሞት ጠጠር ወጥቶላቸው ተኝተዋል። ሐኪሙ ሰሞኑን ይወጣሉ ብሏል፤ አክስቱ ጥሩነሽም ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላለችም። ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር «ያ ዘፈንህ ዛሬም አላለቀም?» ይሉታል። ዘፈኑ የተሠራው ለእሳቸው ነው። ክሊፑ ውስጥም አሉ፤ ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት ሲከትፉ። ሚናስ ግን ልቡ አልሞላለትም። መጀመሪያ ሉልሰገድ ይስማው፣ ይታረም፣ ከዚያ ያሰማቸዋል። ለእናት ጥሬ አይቀርብም።

ስቱዲዮው ሲደርስ ክሊፑን የቀረጸለት የሰፈሩ ልጅ ተክላይ ቀድሞት ተቀምጧል። ሰላምታው ቀዝቃዛ ነው፤ ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም።

«ስልክህን አምጣ፣ ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሩ ልገልብጠው» አለ ተክላይ። ተቀበለውና በዚያው ያዘው።

ጠረጴዛው ላይ ጥብስ ቀርቧል። ሉልሰገድ ለሰው ሻይ እንኳ ጋብዞ አያውቅም።

«መጀመሪያ ብላ።»

«በልቻለሁ።»

«ብላ አልኩህ! ስድብ በባዶ ሆድ አይቻልም።» ጠቅልሎ አጎረሰው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብሎም ደገመው።

ከዚያ ክሊፑ ተከፈተ፤ ስድቡም ተጀመረ።

«ይህ መኪና የማን ነው?»

«የተከራየሁት ነው።»

«ያስታውቃል። በሩን ስትከፍት እንኳ እንዳይነክስህ ፈርተኸዋል። አንገትህ ላይ ያለውን ሰንሰለት ከየትኛው ውሻ ነው የፈታኸው?» ሉልሰገድ ፋታ አልሰጠውም። «መጀመሪያው ቨርስ ላይ ስለ ጠላቶችህ ትለፈልፋለህ። ጠላት ለማፍራትም እኮ ሰው መሆን ያስፈልጋል! የሙዚቃው ቢት ጥሎህ ይሄዳል፣ አንተ ታክሲ እንዳመለጠው ሰው ከኋላ ትሮጣለህ። ስንኙን አሳጥር። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ቀድመህ እወቅ።»

የሚናስ ጆሮ ጋለ። የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ስልኩ ጠራ። ተክላይ አየት አድርጎ ዘጋው።

«ማነው?»

«የተሳሳተ ቁጥር ነው።» ጭራሽ አጠፋውና በራሱ ስልክ መልእክት መጻፍ ጀመረ።

ሚናስ ነገሩ ሸተተው። እየቀረጹኝ ነው፣ ነገ የቲክቶክ መሳቂያ ልሆን ነው ብሎ አሰበ። ተክላይ ይሁዳ!

ክሊፑ እናቱ የሚታዩበት ቦታ ላይ ደረሰ። «ዞር በል ወዲያ!» አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ቢላዋቸውን ወደ ካሜራው እየነቀነቁና እየሳቁ።

ሉልሰገድ እዚያ ላይ አቆመው።

«እዚህ ውስጥ እውነት እሳቸው ብቻ ናቸው። መኪናውን ጣለው፣ ሰንሰለቱን ጣለው። እሳቸውን ተው።» ከዚያ «ሰምተውታል?» ሲል ጠየቀ።

«አልሰማችውም። ከታረመ በኋላ ብዬ ነው።»

ሉልሰገድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ይስቃል! በእናቴ ይስቃል! አለ ሚናስ በልቡ። ብድግ ሲል ተክላይ ክንዱን ያዘው።

«ልቀቀኝ፣ የጠያቂ ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው።»

«ሁለተኛውን ቨርስ እንደገና ቅረጸውና ትሄዳለህ» አለ ሉልሰገድ ሳይዞር። «ወይስ እንዲህ እንደተበላሸ ልታሰማቸው ነው?»

ይህች ልቡን አገኘችው። ዛሬ ቢቀርባት ነገ ያማረውን ትሰማለች፤ እናት አንድ ቀን መታገስ አያቅታትም። ማይኩ ፊት ቆመ።

ሉልሰገድ አልራራለትም። «ድገም!» ይላል። «ይህ ራፕ ነው ወይስ የስም ጥሪ? ድገም!» ሚናስ እልህ ያዘው፤ በእልሁም ትንፋሹን አገኘ። የጠያቂ ሰዓት ሲያልፍ አላወቀም። መጨረሻ ላይ ድምፁ ተዘጋ፤ ዘፈኑ ግን ዘፈን ሆነ።

«እዚሁ እደር» አለው ሉልሰገድ። ተክላይም ከጎኑ ተኛ። ሚናስ ዓይኑን ሲጨፍን በቁጣው መሃል ደስ ብሎት ነበር። እማዬ ትወደዋለች።

ሊነጋጋ ሲል ቀሰቀሱት። ስቱዲዮዋ በሰፈሩ ሰው ጢም ብላለች። ራፕ ሲሰሙ ጆሯቸውን የሚይዙት ሽማግሌው ጎረቤት ጋሽ ገብረትንሣኤ ሳይቀሩ መጥተዋል። ሉልሰገድ አንገቱን ደፍቷል።

የሚናስ ደም ፈላ። ለካ ሲያስደግመው የዋለው፣ ሲያሳድረውም ይህን ሁሉ ታዳሚ ሊሰበስብበት ኖሯል!

«በሉ ሳቁ!» ብሎ በተዘጋ ድምፁ ጮኸ። «ለዚህ አይደል የመጣችሁት? ሳቁ እንጂ!»

ማንም አልሳቀም። ሰዎቹ ለሁለት ተከፈሉና መንገድ ለቀቁ።

አክስቱ ጥሩነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች።