ሦስት ሺህ ዘመን

ሰውየው የአንዲት የዓረብ ባሕረ ሰላጤ አገርን ብሔራዊ ሙዚየም የጎበኘው አፍንጫውን ነፍቶ ነው።

"የዓሣ መረብና የግመል ኮርቻ፣ ይሄም ታሪክ ተብሎ በመስታወት! ትናንት ከድንኳን ወጥተው! እኛ ከነሦስት ሺህ ዘመናችን ምን እንበል?"

"ጋሼ፣ ይኸው የእኛም አለ" አለች፣ እዚያው አገር የምትሠራው የእህቱ ልጅ ስንዱ። አንድ የብራና መጽሐፍ ተገልጦ ተቀምጧል።

"ሌቦች! ዘርፈውን ነዋ!"

"እርስዎ ዲያቆን ነበሩ፤ እስቲ ግዕዙን ያንብቡልኝ።"

ጎንበስ አለ። ከገጹ ግርጌ በቀይ ቀለም፣ "የሰረቀውም የሸጠውም የተወገዘ ይሁን" ይላል።

"ቀለሙ ለቋል፤ አይነበብም" አላት።

እሱ ራሱ መጽሐፉን ከደብራቸው ዕቃ ቤት አውጥቶ ለነጋዴ በሸጠው ዕለት ግን፣ በጧፍ ብርሃን እንኳ ጥርት አድርጎ አንብቦት ነበር።